ጀበናው መድረክ ላይ፣ ሠሪዋ ቦይ ዳር



ቅዳሜና እሁድን ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ነበርኩ። «የባህል ዝግጅት ላይ ነበርክ አሉ፣ ፎቶው የታለ?» ያላችሁኝ አላችሁ። ፎቶ አንስቻለሁ፣ ያምራልም። ግን ፎቶውን ብቻ ብለጥፈው መዋሸት መሰለኝ። ስለዚህ ጽሑፉ ይቅደም። ረጅም ስለሆነ ቡና እያፈላችሁ አንብቡት። በምን እንደምታፈሉትም ልብ በሉ፣ ነገሬ እሱ ላይ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። አረንጓዴ ቁምጣ የለበሱ፣ ዱላ በትከሻቸው ያጋደሙ ወጣቶች በር ላይ ቆመው እንግዳ ይቀበላሉ። ቁምጣው ፖሊስተር ነው፤ የአባቶቻችን ቁምጣ እንዲህ አያብረቀርቅም ነበር። ይሁን፣ ዘመኑ ነው። እስክስታው ሲጀመር ግን እንባዬ መጣ። መሰንቆው ሲያንጎራጉር፣ ልጃገረዶቹ አንገታቸውን ሲሰብቁ፣ ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «እሰይ! እሰይ!» እያሉ ጉልበታቸውን ሲመቱ፣ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ባህሉን የማይወድ ሰው አልነበረም። እኔም ጭምር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ «ባህል ጠል ሆነ» እንዳትሉኝ ነው።

ከዚያ ዕቃ ወደተደረደረበት ጥግ ሄድን። ረጅም ጠረጴዛ፣ ነጭ ጨርቅ ለብሷል። እንስራ አለ፣ ጀበና አለ፣ ምጣድ ከነአክንባሎው፣ ማረሻ፣ ማጭድ፣ በእጅ የተፈተለ ጋቢ፣ አገልግል፣ ከበሮ። ፊት ለፊቱ በኮምፒውተር የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ «የማኅበረሰባችን የጥበብ ውጤቶች»። አንዷን ጀበና አነሳኋት። አንገቷ ቀጥ ያለ፣ ሆዷ እንደ ተመዘነ እኩል የከበበ፣ ጥቁረቷ የሚያበራ። ይህን በእጅ ብቻ፣ ያለ ምንም መሽከርከሪያ ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። አስጎብኚውን ወጣት ጠየቅኩት።

«ይቺን ማን ሠራት?»

«የእኛ ባህል ነው ጋሼ።»

«እሱንስ አውቃለሁ። የሠራትን ሰው ነው የምጠይቅህ።»

ፈገግ አለ። ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ «እነሱ ናቸዋ!» አለኝ።

«እነሱ!» በቃ። ጀበናዋ «የእኛ» ናት፣ ሠሪዋ ግን «እነሱ» ናት። ልጁ ክፉ አይደለም፣ የተማረ፣ ትሑት ልጅ ነው። በሁለት ዓረፍተ ነገር የነገረኝ ግን እኔ በሠላሳ ዓመት የማስተማር ሥራዬ አፍ አውጥቼ ያልተናገርኩትን ነው። አዳራሹ ውስጥ ከነበሩት መቶ ምናምን ሰዎች መካከል ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭ ወይም ቆዳ ሠሪ ሆኖ የተጋበዘ አንድም ሰው አልነበረም። ጠይቄያለሁ። ዕቃው ከገበያ ነው የተገዛው።

ምሳ ሳልበላ ወጣሁ። ፍኖተ ሰላምን በእግሬ ልዙራት ብዬ ተነሳሁ። ከተማዋን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ድሮ ዎጀት ትባል ነበር፤ የአሁኑ ስሟ በግዕዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው። ዋናው አስፋልት ዳር ሆቴሉ፣ ባንኩ፣ የሞባይል ሱቁ። ወደ ውስጥ ስትገቡ የበርበሬ መጋዘኑ አፍንጫ ያስነጥሳል፣ ከዚያ ወፍጮ ቤቱ፣ ከዚያ የጠላ ጣሳ የተሰቀለባቸው ሰፈሮች። ባጃጁ ውር ውር ይላል። ማንጎው በየአጥሩ ጥላውን ዘርግቷል። ቆንጆ ከተማ ናት።

አንድ ነገር ግን ዘንድሮ ገና አየሁ። ከሃያ ጊዜ በላይ ያለፍኩበት ገበያ ነው፣ ግን አይቼው አላውቅም። ሸቀጡ አቀማመጥ አለው። ጨርቁ ጥላ ሥር፣ እህሉ ሜዳው መሐል፣ ቅቤና ማሩ ሰው በሚበዛበት። ሸክላው የት ነው? መጨረሻ ላይ። ዳገቱ ካለቀ በኋላ፣ ፍሳሽ የሚወርድበት ቦይ ዳር። ከሴቶቹ አንዷን «እዚህ ለምን ተቀመጣችሁ?» ብላት «ቦታችን ነው» አለችኝ። የመኖሪያ ሰፈሩንም ተከታትላችሁ ብትሄዱ እንደዚያው ነው። ከተማ ዳር፣ ከወንዝ በላይ፣ ከሰው በታች። ማንም ካርታ ሥሎ አላዘዘም። ካርታው የተሣለው በእኛ ጭንቅላት ውስጥ ነው።

ገዢዋን ሳይ ቆየሁ። አንዲት ወይዘሮ ምጣድ ልትገዛ መጣች። ምጣዱን በጣቷ አንኳኳች፣ ድምፁን ሰማች፣ ዋጋ ተከራከረች፣ ተስማሙ። ብሩን ስትከፍል በእጇ አልሰጠቻትም። መሬት ላይ አስቀመጠችላት። ሻጯ ጎንበስ ብላ ከመሬት አነሳች። ሁለቱም ምንም እንዳልተፈጠረ ነው። እስቲ አስቡት፤ ከዚያች ሴት እጅ ብር መስጠት ያስፈራል፣ ከዚያች ሴት እጅ የወጣ ምጣድ ላይ የተጋገረ እንጀራ ግን ለልጆችሽ ታጎርሻለሽ! በእሷ እንስራ የተቀዳ ውኃ ትጠጫለሽ፣ በእሷ ጀበና የፈላ ቡና ለቄሱ ትቀጃለሽ። ባሏ በቀጠቀጠው ማረሻ ያልታረሰ ማሳ ጎጃም ውስጥ የለም፤ ያ ሁሉ ጤፍ ቡዳ በተባለ እጅ በኩል ያለፈ ነው። እስካሁን በእሱ የሞተ የለም።

«አሁን እኮ ዘመኑ የጄሪካን ነው፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው» ትሉኝ ይሆናል። የኤሌክትሪክ ምጣዳችሁን ክዳን ክፈቱት። ሽቦው የተቀበረበት ሰሃን ምንድን ነው? ሸክላ ነው። ማን ሠራው? «እነሱ ናቸዋ!»

ማታ ከድሮ የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ተገናኘን። ተከራከርን፣ ያውም እስከ አራት ሰዓት። አንዱ «ይሄ ያረጀ ነገር ነው፣ ቀርቷል፣ አንተ ከየት አመጣኸው?» አለኝ። ልጅህን ትድረዋለህ ወይ አልኩት፤ ለሸክላ ሠሪ ልጅ። ሳቀ። ሳቁ መልስ ነው። እድራችሁ ውስጥ ስንት ቀጥቃጭ አለ? ማኅበር ስትጠጡ ጽዋው የሚዞረው እስከማን ድረስ ነው? የማይታየው የቀረ ስለሆነ አይደለም፣ ሁላችንም ስለተስማማንበት ነው።

ሌላው «የጎጃምን ስም አታጥፋ፣ የሚሰማ ሌላ ሰው አለ» አለኝ። ይህን ክርክር በጣም ነው የምጠላው። የጎጃም ብቻ ቢሆንማ ቀላል ነበር። ሸዋም አለ፣ ትግራይም አለ፣ ደቡብም አለ። ከጋሞ መጥቶ ሽሮ ሜዳና ጉለሌ የተቀመጠውን ሸማኔ አዲስ አበባ ምን እያለች ነው ያኖረችው? ጎንደርስ? ወለቃ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ሸክላ ይሠሩ ነበር፣ ብረት ይቀጠቅጡ ነበር። ቡዳ እያልናቸው ኖርን። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በሁለት ቀን ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው በአውሮፕላን ሄደ። አሁን ወለቃ መንገድ ዳር ለቱሪስት የሚሸጠውን የሸክላ ቅርጽ ስናይ «ታሪካችን» እንላለን። ሰው ሲሄድ ነው ዕቃው የሚወደደው።

ሦስተኛው ጓደኛችን ሃይማኖተኛ ነው፣ አከብረዋለሁ። «ቡዳ መኖሩንስ ልትክድ ነው?» አለ። እኔ ስለ መንፈስ አልተከራከርኩም። የምጠይቀው መንፈሱ እንዴት ሙያ መርጦ እንደሚገባ ነው። ጸሐፊ ላይ አያድርም፣ ዳኛ ላይ አያድርም፣ ነጋዴ ላይ አያድርም፤ መሬት የሌለው፣ በእጁ ሠርቶ የሚበላ ሰው ላይ ብቻ! ርስት በዘር በሚቆጠርበት ዘመን የእጅ ባለሙያው በአብዛኛው መሬት አልነበረውም። መሬት የነከልነውን ሰው ነፍሱንም ነከልነው። ዮሴፍ አናጢ ነበር፣ ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ ነበር የሚበላው። እነሱ ጎጃም ቢወለዱ ኖሮ የት ሰፈር ይኖሩ ነበር? ጓደኛዬ ዝም አለ። ወዲያው ደግሞ «ነገር ታበዛለህ» አለኝ፤ እሱም እውነት ነው።

ለመሆኑ ይህን እኔ አይደለሁም የጀመርኩት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለውታል። ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ፣ ቆዳ ሠሪውን ፋቂ እያላችሁ አትስደቡ ብለው። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ አንቀጽ 25 ላይ በማኅበራዊ አመጣጥ ምክንያት ልዩነት አይደረግም ይላል። በንጉሥም ተከለከለ፣ በሕገ መንግሥትም ተከለከለ። ወይዘሮዋ ግን ብሩን መሬት ላይ አስቀመጠች።

ቡሬ ላይ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠርቷል፤ ጥሩ ነው፣ እሰየው። ግን አንድ ነገር ያሳዝነኛል። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ መድፍ ሲያሠሩ የውጭ ሰው ይዘው ማስገደድ ነበረባቸው። የራሳችን ቀጥቃጭ የት ነበር? ልጁን «የቡዳ ልጅ» እያልን ከማዕድ ስናስነሳው ነበራ። ብረት የሚያውቀውን ሰው በብረቱ ስንሰድብ ኖረን፣ አሁን የማሽን ቴክኒሻን ጠፋ ብለን እንጮኻለን።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ለሌላው ስጮህ አመሸሁ፣ የራሴን ግን ለባልደረቦቼ አልነገርኳቸውም። ለእናንተ ልንገራችሁ። አንዳንዶቻችሁ እዚያው ክፍል ውስጥ ነበራችሁ።

1989 ዓ.ም. ነው። ከቡሬ ወጣ ያለ የገጠር ትምህርት ቤት፣ ሰባተኛ ክፍል። አንዲት ልጅ ነበረችኝ። ሒሳብ ላይ ማንም አይደርስባትም። እናቷ ሸክላ ሠሪ ናቸው። አንድ ሰኞ ዕረፍት ላይ አንዱ ልጅ ቆሎ ሲበላ አየችው፣ ማክሰኞ ሆዱን አመመው፣ ረቡዕ አባቱ ዱላ ይዞ ትምህርት ቤት መጣ። «በላችው» አለ። እኔ ምን አደረግኩ? የተማርኩ ነኝ፣ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፣ ስለ አሜባ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬ አሳይቻለሁ። ያ ልጅ ምን እንደነካው እኔ ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ የሚጠጡትን ውኃ አውቀዋለሁ። አባትየውን ግን «እሺ፣ ተረጋጋ» አልኩት። ልጅቷን ደግሞ ከጓደኞቿ መሐል አንስቼ የመጨረሻው ዴስክ ላይ፣ መስኮቱ ሥር፣ ለብቻዋ አስቀመጥኳት። «ለሰላም ሲባል ነው» አልኳት። ምንም አልተናገረችም። ደብተሯን ሰብስባ ሄደች። ሦስት ሳምንት እዚያ ተቀመጠች። ከዚያ ቀረች።

«አቋረጠች» ብዬ መዝገብ ላይ ጻፍኩ። እንዲህ ነው የሚጻፈው። ማን አቋረጣት የሚል መስመር መዝገቡ ላይ የለም።

ቅዳሜ ቦይ ዳር ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ የዚያን አካባቢ ሰው መሆኗን ስሰማ ስለ ልጅቷ ጠየቅኳት። ልጅቷ የለችም፣ እናቷ ግን አሉ አለችኝ፤ እዚያው ናቸው፣ እዚያው ይሠራሉ።

እሁድ ጠዋት ከአክስቴ ልጅ ጋር በሚኒባስ ተነሳን። ማንኩሳን አለፍን። ማንኩሳ ስንደርስ ረዳቱ ሳይቀር «የበዛብህ አገር!» ይላል። ደስ ይላል፣ እኔም ይኮራብኛል። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከዚህ ነው የጀመሩት፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው አገር ምድሩ ጸጥ ይል ነበር። ግን ልብ በሉ፤ እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሰው በአጥንቱ አይመዘን ብሎ የተከራከረው ጉዱ ካሳ ነው፣ እሱን ደግሞ አገሬው እብድ ነው የሚለው። የበዛብህን አገር እንወዳለን። የጉዱ ካሳን ነገር ሰምተን ግን ምን አደረግን?

ከቡሬ ባጃጅ ይዘን፣ ከዚያ በእግር። የአክስቴ ልጅ ወዴት እንደምንሄድ ሲገባው መንገዱ ረዘመበት። ከመንደሩ በላይ፣ ቁልቁል ከሚወርድ ገደል አፋፍ ላይ፣ ሦስት ቤት። ደጁ ላይ አመድ፣ የተቃጠለ ኩበት፣ የተሰነጠቁ ጀበናዎች ክምር። አሥር ሲቃጠል ሁለት ሦስቱ ይፈነዳል፤ ያ የሥራቸው ኪሳራ ነው፣ ማንም አይቆጥርላቸውም። እናቲቱ ተቀምጠው ጭቃ ያሻሉ። እጃቸው እስከ ክርናቸው ግራጫ ነው። የአክስቴ ልጅ አጥሩ ጋ ቆመ፣ «እዚህ ልጠብቅህ» አለኝ።

«እንዴት ዋሉ እናቴ» አልኩ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ጀበና ፈልገው ነው?»

«ጀበናም እፈልጋለሁ። ያወቁኝ አልመሰለኝም። አስተማሪው ነኝ።»

አዩኝ። ቆዩ። ጭቃውን አስቀምጠው እጃቸውን በውኃ ተለቃለቁ። «አወቅኩዎት» አሉኝ። «ጠጉሮ ነጭ ሆነ።»

አጎዛ አነጠፉልኝ። ዝም ተባባልን። ከዚያ «ልጅዎን ለብቻዋ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። ሌላ አልጨመሩም፣ እኔም የምጨምረው አልነበረኝም።

ቡና ሊያፈሉ አስበው ተነሱ፣ መልሰው ተቀመጡ። እንደገና ተነሱና ወደ አጥሩ አይተው «ከላይ ቤት ሲኒ ላስመጣ?» አሉኝ። ሲኒ ነበራቸው። ረከቦቱ ላይ ተደርድሮ አየዋለሁ። እንግዳ በእሳቸው ሲኒ አይጠጣም፣ እንዳልቸገር አስበውልኝ ነው። «በዚሁ ይሁን» አልኩ። ሦስቱንም ጠጣሁ፣ በረካውን ጭምር። ቡናው ጥሩ ነበር፤ ጨው ብቻ ትንሽ በዝቶበታል።

ልጅቷ አዲስ አበባ ናት። ሰው ቤት ሠርታ፣ ኋላ አግብታ፣ ሁለት ልጆች አሏት። እናቲቱ ሰርጉ ላይ አልሄዱም፤ የልጅ ልጆቻቸውን አላዩም። ባሏም የባሏም ወገን እናቷ በሕይወት እንዳሉ አያውቅም። «ሞታለች በያቸው ያልኳት እኔ ነኝ» አሉ፤ ጭቃውን መልሰው እያሹ። «እሷማ አልልም ብላ አልቅሳ ነበር።»

እንግዲህ ያን ጊዜ ጀበና ልገዛ ተነሳሁ፤ እናም የከተማ ሰው ጥበቤን አወጣሁ። አዳራሹ ውስጥ ያየሁትን ነገርኳቸው፤ ዕቃው እንዳማረ፣ የሠራው ሰው ግን እንዳልተጻፈ። መንገድ ላይ ሳሰላስለው የመጣሁት ነበር፦ የሠሪው ስም ይጻፍ፣ ሠሪው ራሱ መድረክ ላይ ይውጣ፣ ይከፈለው። ለእናንተም እዚህ ላይ በትልቁ ልጽፍላችሁ ነበር። «ለሚቀጥለው እኔ ራሴ ሄጄ ስምዎን ጀበናዋ ሥር አስጽፋለሁ» አልኳቸው።

ደነገጡ። እጄን ያዙኝ፤ ብር ሲሰጡ መሬት ላይ የሚያስቀምጡላቸው ሴት እጄን ያዙኝ።

«አይ! ስሜንማ እንዳይጽፉብኝ። ከታወቀ ማን ይገዛኛል? አሁን ገበያ የሚወስዱልኝ ሌላ ሰዎች ናቸው እኮ።»

ምንም አልመለስኩም። ለሌላ ጊዜ ብዬ ያዘጋጀሁት መልስ ሁሉ አዳራሽ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው የሚሆን ነበር።

ስለዚህ ለእናንተ የምለው ያነሰ ነው። ባህል ጽሕፈት ቤት የምትሠሩ ተማሪዎች አሉኝ፤ ስም ጻፉ አልላችሁም፣ ጊዜው አልደረሰም። መጀመሪያ ከእነሱ ጋር ቡና ጠጡ፣ ሰው እያየ ጠጡ። አስተማሪ የሆናችሁ አላችሁ፤ መስኮቱ ሥር ለብቻው የተቀመጠ ልጅ ካለ ዛሬውኑ አንሱት፤ አባቱ ዱላ ይዞ ቢመጣም። እድር ዳኛ የሆናችሁ አላችሁ፤ መዝገባችሁን ተመልከቱት። እና አንቺ፣ አዲስ አበባ ያለሽው፣ ይህ ጽሑፍ በማን በማን በኩል ቢደርስሽ፤ ስምሽን አልጻፍኩም፣ መንደሩንም አልጻፍኩም። እኔ ይቅርታ የምጠይቅበት አድራሻሽ የለኝም። እናትሽ ደህና ናቸው። ዓይናቸው ትንሽ ደክሟል፣ እጃቸው ግን ያው ነው።

ስንመለስ የአክስቴ ልጅ «ጠጣህ?» አለኝ። «ጠጣሁ» አልኩት። ባጃጁ ውስጥ ጀበናዋን መሐላችን ላስቀምጥ ስል «አንተ ጋ ትሁን» አለኝ። ጉልበቴ ላይ አድርጌ መጣሁ። እስከ ቡሬ አላናገረኝም።